የወንዝ ማዶዋ መኪና

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የአንዲትን መኪና ታሪክ ላወጋችሁ ነው፤ ንጹሕ መርፌ፣ ኮንዶምና የኤችአይቪ መመርመሪያ ጭና በዋሽንግተን ዲሲ ጎዳናዎች ስትዞር ስለኖረች መኪና፤ ወጪዋን ማን እንደቻለላት፣ ማንስ እንዳይከፈልላት እንደከለከለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እቆጥራለሁ።

ዲሲ ሲባል እኛ ሐበሾች ቀድሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የዩ ስትሪትና የ9ኛው ጎዳና ምግብ ቤት፣ የታክሲው ተራ፣ ራቅ ሲል ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው። ዛሬ ግን አናኮስቲያ የሚባለውን ወንዝ አሻግሬ ልውሰዳችሁ። ከወንዙ ማዶ 7ኛውና 8ኛው ወረዳ አሉ። ነዋሪው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የከተማዋ ድህነት የበረታውም እዚያ ነው። ከካፒቶል፣ የአሜሪካ ሕግ ከሚወጣበት ጉብታ፣ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የከተማዋ ብቸኛ የመንግሥት ሆስፒታል የነበረው ዲሲ ጄኔራል በ2001 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ላለው ሕዝብ የቀረው አንድ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እሱም ከኪሳራ ወደ ኪሳራ ሲንገዳገድ ኖረ። አዲስ ሆስፒታል በሩን የከፈተላቸው በ2025 ነው። ሃያ አራት ዓመት!

ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ካቃተው፣ ሐኪም ቤቱ በጎማ ይምጣ። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም። በቦስተን ናንሲ ኦሪዮልና ሼሪል ዶርሲ የተባሉ የሕክምና ሰዎች በ1992 «ፋሚሊ ቫን» ብለው የጀመሩት እንዲህ ያለውን ነው፤ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ስኳር ይመረምራሉ፣ ያማክራሉ። የዲሲዋ መኪና የተነሳችው ግን በከፋው በኩል ነው። በ1990ዎቹ በከተማዋ ሄሮይን በመርፌ የሚወስደው ሰው ብዙ ነበር። አንድ መርፌ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ትዳር ጓደኛ፣ ከእናት ወደ ልጅ። አሮጌውን መርፌ ተቀብሎ ንጹሑን መስጠት ይህን ሰንሰለት እንደሚበጥስ በሌሎች ከተሞች ታይቶ ነበር። ዊትማን ዎከር የተባለው ክሊኒክም በዲሲ ሥራውን ጀመረ። ከተማዋም ከራሷ ካዝና ገንዘብ ሰጠች።

1998 መጣ። ኮንግረስ የዲሲን በጀት ሲያጸድቅ አንድ አንቀጽ ቀጠለበት። የመርፌ ልውውጥ ለሚያካሂድ ድርጅት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከተማዋ ከነዋሪዎቿ ከሰበሰበችው ግብርም አንድ ሳንቲም እንዳይሰጥ አገደ። አንቀጹን ያቀረቡት ቶድ ቲያርት የሚባሉ ከካንሳስ የተመረጡ እንደራሴ ነበሩ። ካንሳስ የት፣ አናኮስቲያ የት!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ ይህን ያልተረዳ ቀሪውን ታሪክ አይከተለውም። ዲሲ እንደ ሜሪላንድ ወይም እንደ ቨርጂኒያ ራሷን የቻለች ግዛት አይደለችም። በ1973 በወጣ ሕግ ከንቲባዋንና የከተማ ምክር ቤቷን ትመርጣለች፤ በጀቷ ላይ የመጨረሻው ቃል ግን የኮንግረስ ነው። በዚያ ኮንግረስ ውስጥ ኤሊኖር ሆምስ ኖርተን ከ1991 ጀምሮ ከተማዋን ወክለው ተናግረዋል፣ ተሟግተዋል፤ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ የላቸውም። እንግዲህ ሠርቶ ያገኘውን ደመወዝ ጎረቤቱ ቆልፎ የያዘበትን አባወራ አስቡት። ልጁ ታሟል፣ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው። በሌላው የአሜሪካ ከተማ ሁሉ የራስን ግብር ለዚህ ሥራ ማዋል የከተማውና የግዛቱ ጉዳይ ሲሆን፣ በፌዴራል ሕግ የታገደችው ዲሲ ብቻ ነበረች።

ዊትማን ዎከር ሌላውን ሕክምና በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ ስለሚሰጥ መርፌውን ይዞ መቀጠል አልቻለም። ስለዚህ «ፕሪቬንሽን ወርክስ» የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ድርጅት ተመሠረተና መኪናዋን ተረከበ። ከመንግሥት አንድ ዶላር የማይቀበል፣ በግለሰቦችና በበጎ አድራጊ ፋውንዴሽኖች ችሮታ ብቻ የሚኖር ድርጅት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። ሥራውን ጎበዝ ሰው ይዞት ነው እንጂ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያኖርም፤ ዘንድሮ የሰጠ ለጋሽ ለከርሞው ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል።

መኪናዋ ስትሠራ ምን ትመስል ነበር? በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ጥግ ትቆማለች። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤት የሌለው፣ ስልክ የሌለው፣ ፖሊስ ያሳደደው ሰው ቀጠሮ የሚይዝበት መንገድ ያቺ መኪና በዚያ ሰዓት እዚያ መገኘቷ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ከቀረች አመኔታው ይሰበራል፤ የተሰበረውን ለመጠገን ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሰውየው አሮጌ መርፌውን በጠንካራ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጥላል፣ ንጹሑን ይወስዳል። «እንዴት ከረምክ?» የሚለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ራሱ በዚያ ሱስ ያለፈ ሰው ነው። ስብከት የለም። ቁስሉ ይታያል፤ ከሱሱ መውጣት ከፈለገ ወደ ማገገሚያ የሚያስገባው ይፈለግለታል፤ ለምርመራ ፈቃደኛ ከሆነ ይመረመራል። መርፌው ሰውየውን ወደ መኪናዋ የሚያመጣው ጉዳይ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን ሌላው ሕክምና ሁሉ በዚያው በር ይገባል። በሌላ ሐኪም ቤት የተገላመጠ ሰው፣ ስሙን ሳይጠየቅ የተስተናገደበትን ቦታ አይረሳም።

በ2002 መጨረሻ ላይ ደግሞ መኪናዋን የሚያግዝ ነገር ተገኘ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ20 ደቂቃ ውጤት የሚሰጥ የኤችአይቪ መመርመሪያ ፈቀደ። ከዚያ በፊት ደም ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄድና ውጤቱ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይመጣ ነበር። ሳምንት ቆይቶ ተመለስ የተባለ ቤት አልባ ስንቱ ይመለሳል? ብዙው ውጤቱን ሳይሰማ ይቀር ነበር። ሃያ ደቂቃ ግን ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል፤ ውጤቱ በጎ ካልሆነ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ለክሊኒክ ይደወልለታል።

ኮንግረስ ግን ገንዘቡን በመከልከል አላበቃም። ሌላ ደንብም መጣ፤ መርፌ የምትሰጥ መኪና ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ እንዳትቆም። ሲሰሙት ለልጆች ጥበቃ ይመስላል። ካርታውን ዘርግታችሁ በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ 300 ሜትር ክብ ብታሰምሩ ግን ጠባቧ ከተማ በክብ ትሞላለች። ሰው በሚኖርበት፣ ችግሩ ባለበት መንደር መቆሚያ ጥግ ይጠፋል። መኪናዋ ወደ በረሃ ሂጂ ተባለች ማለት ነው።

በ2007 በእንደራሴ ሆሴ ሴራኖ የሚመራው የበጀት ንዑስ ኮሚቴ ገንዘቡን የከለከለውን አንቀጽ አወጣው፤ በዲሴምበር ሕግ ሆነ። ዲሲ በራሷ ገንዘብ ላይ እንደገና አዘዘች። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ዓመቱ እንደገባ 650 ሺህ ዶላር ለመርፌ ልውውጡ መደቡ፤ ገንዘቡም ለአራት ድርጅቶች ተከፋፈለ። ፕሪቬንሽን ወርክስ አንዱ ነበር። ሌላው «ሂፕስ» ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት በመንገድ ላይ ኑሯቸውን ለሚገፉ በመኪና እየዞረ ሲደርስላቸው የኖረ ድርጅት።

ቀድሞ የተዘራው ዘር ፍሬው የታየው ወዲያው ነው። በማርች 2009 የከተማዋ ጤና ቢሮ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ ነዋሪዎች ቢያንስ 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ተነገረ። ከ1 በመቶ ካለፈ ወረርሽኙ በሕዝቡ ውስጥ ተስፋፍቷል የሚባልበትን ልክ ከተማዋ ሦስት እጥፍ ደርሳበት ነበር። በኃያሏ አገር ዋና ከተማ፣ ለአፍሪካ የኤድስ ገንዘብ በሚመደብበት ጉብታ ሥር።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በ2007 በመርፌ ምክንያት እንደተያዙ የተመዘገቡ አዲስ ሰዎች 149 ነበሩ፤ በ2011 ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ። የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ እገዳው በተነሳ ሁለት ዓመት ውስጥ 120 ሰው ከመያዝ እንደዳነ ገመቱ፤ ለነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሕክምና ይወጣ የነበረው 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተረፈ። ያንን ከ650 ሺህ ጋር አስተያዩት። እኔ ግን ከዶላሩ ይልቅ ወደ ኋላ ተመልሼ ያን ዘጠኝ ዓመት አስባለሁ። በሁለት ዓመት 120 ሰው ከዳነ፣ በዘጠኙ ዓመት ሊድን ይችል የነበረው ስንት ነው? ያን ማንም አልቆጠረም። የሞቱትም አሉ፤ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያ ማዶ ጎልምሰዋል።

በ2022 በዲሲ አዲስ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው በጠቅላላ 210 ነበር፤ በ2007 ከ1,300 በላይ ነበር። መኪናዋ ብቻዋን ያደረገችው አይደለም። መድኃኒቱ ተሻሽሏል፣ ምርመራው በየቦታው ገብቷል። ከ2010 ጀምሮ አናኮስቲያ ያለ አንድ ድርጅት መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ወረፋ የያዘውን ሰው እዚያው መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይመረምር ነበር። ሰው ባለበት መሄድ ማለት እንዲህ ነው።

ታዲያ መኪናዋ ተመቻት? ፕሪቬንሽን ወርክስ በ2011 መጀመሪያ ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ። እገዳውን ዘጠኝ ዓመት ተቋቁሞ፣ ከተፈቀደ በኋላ በሦስት ዓመት ገደማ ወደቀ። ሥራውን ሌሎቹ ድርጅቶች ተካፈሉት።

ይህን የሚያመጣውን አሠራር ልንገራችሁ፤ በየከተማው ያለ ነው። የመንግሥት ድጎማ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ካወጡ በኋላ ነው። ድርጅቱ የነርሷን ደመወዝ፣ የመኪናውን ጥገና፣ ኢንሹራንሱን ከኪሱ ያወጣል፤ ደረሰኙን ያቀርባል፤ ይጣራል፤ ይተካለታል። ትልቅ ሆስፒታል ሦስት ወር መጠበቅ አያስጨንቀውም። አንድ መኪናና አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ግን በሁለተኛው ወር ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ2009 ዋሽንግተን ፖስት ባደረገው ምርመራ ከተማዋ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣጣቸው ለሚያጠራጥር፣ ሕመምተኛ ለሌላቸው ወይም ሰነዳቸው ለተዝረከረከ ድርጅቶች መስጠቷን አጋልጧል። በኤድስ ስም የበላ አለ፤ ይህን መሸፈን ለሕመምተኛው አይጠቅመውም። ግን የሌባው ቅጣት በሐቀኛው ላይ ማረፍ የለበትም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፣ ክፍያው ይፍጠን፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ትልቁ የኤችአይቪ ገንዘብ የሚመጣው በራያን ኋይት ስም ከሚጠራው ሕግ ነው። ራያን በኢንዲያና፣ ኮኮሞ በምትባል ከተማ ያደገ፣ ደሙ አልረጋ የሚል በሽታ የነበረበት ልጅ ነው፤ ከሰው ደም በተሠራ መድኃኒት በኤችአይቪ ተያዘ፣ ትምህርት ቤቱ አላስገባውም አለ፣ እናቱ ተሟገተችለት። በኤፕሪል 1990 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በኦገስት ሕጉ ተፈረመ። ሕጉ ብዙ ሕይወት ይዞ ቆይቷል፤ አከብረዋለሁ። ሌላ ከፋይ ሲጠፋ የሚከፍል የመጨረሻው ኪስ ነው። ሆኖም ከገንዘቡ ቢያንስ 75 በመቶው ለዋና ሕክምና እንዲውል ያዛል፤ ሰውን ከጎዳና ፈልጎ ማምጣት የሚመደበው ከቀሪው ነው፤ በዚያ ቀሪ ላይ ደግሞ ምግቡም ትራንስፖርቱም ይሻሙበታል። ስለዚህ መኪናዋ ከተለያየ ኪስ በተለቃቀመ ትሄዳለች። ክሊኒኮች መድኃኒት በቅናሽ ገዝተው ከኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋ ሲያገኙ የምትተርፈው ልዩነት ናት ብዙ ቦታ ነዳጅ የምትሞላው። በፌዴራሉም ገንዘብ እንግዳ ነገር አለ፤ በ2015 መጨረሻ የወጣው ሕግ ለመኪናው፣ ለነዳጁ፣ ለሠራተኛው መክፈልን ፈቀደ፤ ለመርፌው ግን አልፈቀደም። በ2022 ደግሞ ጤና ጣቢያዎች ለአዲስ አገልግሎት መስጫ የሚያገኙትን የፌዴራል ድጎማ ቋሚ ሕንፃ ሳይሠሩ ለተንቀሳቃሽ ክሊኒክ እንዲያውሉት ተፈቀደ። መልካም ነው። የመኪና መግዣ ማግኘት ግን ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ የሚያምረው ያኔ ነው። የሚከብደው የአራተኛው ዓመት የነርስ ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ፤ ማዶ ያለው ችግር ከእኛ የራቀ እንዳይመስል። አሜሪካ ከ1987 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 2010 ኤችአይቪ ያለበት ሰው እንዳይገባ ታግድ ነበር። ዲቪ የደረሰው ሰው ለሕክምና ምርመራ ሲገባ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነበር፤ ቫይረሱ ከተገኘበት በአብዛኛው መንገዱ ይዘጋ ነበር። እገዳው ተነሳ፣ ፍርሃቱ ግን ከሕጉ ጋር አልተነሳም። ክሊኒክ የሰጠሁት ስም ኢሚግሬሽን ዘንድ ይደርሳል ብሎ የሚሰጋ ዛሬም አለ። ሌላው ደግሞ «ስንመጣ ተመርምረን ነው» ብሎ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ዓመት ሁሉ ይዘነጋል። ከሁሉ የሚብሰው ሐሜቱ ነው። በአንድ ሱቅ የሚገበያይ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ በአንድ መስጊድ የሚሰግድ ማኅበረሰብ ውስጥ «ኤችአይቪ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት መኪና ብትቆም የሚወጣባት የለም። ደም ግፊትና ስኳር ብላ ብትቆም ግን እናቶች ይሰለፋሉ፣ ባለታክሲው ከሥራ በፊት ብቅ ይላል፤ የኤችአይቪውም ምርመራ ከሌላው ጋር ተደርቦ ማንም ማንንም ሳያይ ይሠራል። እኔ ይህን ማታለል አልለውም፤ የሰውን ክብር መጠበቅ ነው። መኪናዋ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ነርስ መኖር አለበት፤ ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ «መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰድክ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል፣ ለሚስትህም አታስተላልፍም» የሚለውን ቃል በዓይን ለዓይን ያህል አያደርሰውም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከተማዋ ልታገለግልባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

2025 ላይ ታሪኩ ተመልሶ ያው ጉብታ ላይ ወጣ። በጃንዋሪ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን በትእዛዝ አቆሙ። ብዙ ሳይቆይ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከአሜሪካ በሚመጣው ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ፤ ብዙዎቹ በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። በማርች ደግሞ ኮንግረስ ያጸደቀው ጊዜያዊ የበጀት ሕግ ዲሲ የራሷን ግብር ጭምር በቀደመው ዓመት ልክ እንድታወጣ አስገደዳት፤ ልዩነቱ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሴኔቱ ማረሚያ አጸደቀ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ወራት አለፉ። አዲስ አበባ ያለችው እህትና ዲሲ ያለው ወንድም የመድኃኒታቸው ነገር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰሞን ተወሰነ።

አንድ ነገር ግን በእጃችን አለ፤ ይህን ሳልነግራችሁ አልሄድም። የራያን ኋይት ሕግ በትልልቅ ከተሞች ገንዘቡ ለምን ለምን ይዋል የሚለውን ቅደም ተከተል የሚወስን የዕቅድ ምክር ቤት እንዲኖር ያዛል። ከአባላቱ ቢያንስ 33 በመቶው በሕጉ የሚረዱ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መሆን አለባቸው። በዲሲም እንዲህ ያለ ምክር ቤት አለ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉትን የከተማዋን ዳርቻዎችም ይመለከታል፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ለእኛ ሰው ራስን መግለጥ ነውና ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባል መሆን የከበደው መጥቶ መስማትና መናገር ይችላል። የሚጠየቀውም ግልጽ ነው፤ መኪናዋ በየሳምንቱ ሳትቀር በዚያው ጥግ እንድትቆም፣ የነርሷ ውል ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለበርካታ ዓመት እንዲሆን፣ ለትንንሾቹ ድርጅቶች የገንዘቡ ከፊል አስቀድሞ እንዲሰጥ፣ ከወንዙ ማዶ ከምትቆመው ሌላ አንዲቷ ደግሞ አማርኛ ይዛ እንድትመጣ።